ምራቅህ ምን ብላ አለህ?

አንባቢ ሆይ! ምራቅህን በብልቃጥ ብትልክላቸው ዘረ መልህን መርምረው «ይህን ብላ፣ ያን ተው» የሚሉ ነጋዴዎች መነሣታቸውን ሰምተሃልን? ገበያው ለእኛ ለላስታዎች ሩቅ ቢመስልም አሜሪካና አውሮፓ ለሚኖሩ ልጆቻችን በራቸው ላይ ነው።

ዕውቀቱን አልቃወምም። የምቃወመው ሽያጩን ነው። ወተትን እንውሰድ። ሕፃን የወተትን ስኳር የሚፈጭ ላክቴዝ የተባለ ንጥረ ነገር አለው። ሲያድግ በአብዛኛው ሰው ላይ ይቀንሳል፤ በአንዳንዱ ግን እንዳለ ይቆያል። በ2002 (እ.ኤ.አ) የፊንላንድ ተመራማሪዎች በአውሮፓውያን ዘንድ ለዚህ ምክንያት የሆነችውን አንዲት የዘረ መል ፊደል አገኙ። በ2007 በኬንያ፣ በታንዛኒያና በሱዳን ሌሎች ፊደላት ተገኙ። በእኛው አገር ሕዝቦች ዘንድም ከአንድ በላይ ዓይነት አለ። ታዲያ አያሌ መመርመሪያዎች የሚያዩት ያችኑ የአውሮፓን ፊደል ብቻ ነው! በዋሽንግተን የሚያድግ የላስታ ልጅ ከሌሎቹ አንዷ ብትኖረው እንኳ «ወተት አይስማማህም» ሊባል ነው ማለት ነው። እናቱ ወረቀቱን አምና ኩባያውን ብትነሣው ተጠያቂው ማን ይሆን? (ሆዱን ካመመውስ እርጎ አለ፤ ሲረጋ ስኳሩ ይቀንሳል። ለዚህ ብልቃጥ አያስፈልግም።)

«ውፍረት ለመቀነስ ይረዳል» ይሉሃል ደግሞ። በ2018 (እ.ኤ.አ) የታተመ የስታንፎርድ ጥናት 609 ወፍራም ጎልማሶችን ለ12 ወራት ተከታተለ። ከፊሉ ቅባት፣ ከፊሉ ስኳርና ዱቄት ነክ ምግብ ቀነሰ። ዘረ መሉ ከምግቡ ጋር «ገጠመ» የተባለውም ካልገጠመው የተሻለ አልከሳም።

ወደ አገራችን እንመለስ። ዝናም ሲጠፋ ገብሱም ባቄላውም ሲከዳ ጓያ ብቻ ይቆማል። ከ1995 እስከ 1999 (እ.ኤ.አ) በደላንታ ዳውንት ከ2000 የሚበልጥ ሰው በጓያ ሳቢያ እግሩ ሰለለ። መርዙ ያለው በጓያው ፍሬ ውስጥ ነው። ተመራማሪዎች መርምረው ምን አገኙ? በቆሎ፣ በንፍሮና በእሸት የበላው ይበልጥ ተጎዳ፤ ከእህል ጋር ቀላቅሎ የበላው አደጋው ቀነሰለት። ጎተራው ባዶ የሆነበት ሰውስ ከምን ጋር ይቀላቅል? ለእርሱ «የሚስማማህን ምረጥ» ማለት ፌዝ አይደለምን?

ዘረ መል መመርመር ካማራቸው የጓያውን ዘር ይመርምሩ። መርዙ የቀነሰ ዘር አራብተው፣ ክረምቱ ሳይገባ ለደላንታና ለላስታ ገበሬ ያድርሱለት።