ባለቤት የለውም ያልነው ሐዲድ



ሰሞኑን ከዐስር ሶላት በኋላ ፒያሳ ከወጣቶች ጋር ስንጨዋወት ወሬው ወደ ኮምቦልቻው ባቡር ጣቢያ ዞረ። አንዱ ወንድማችን «እሱማ ባለቤት የለው፤ ሽቦውን የወሰደ ሰው ምን ሐራም ሠራ? የመንግሥት ነው!» አለ። ተሳቀ። እኛም ፈገግ አልን፤ ቤት ከገባን በኋላ ግን ነገሩ ከነከነን።

የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ ባቡር ወደ 390 ኪሎ ሜትር ነው። ውሉ 1.7 ቢሊዮን ዶላር ሲሆን የቱርኩ ያፒ መርኬዚ ሥራውን የካቲት 2007 ጀመረ። ገንዘቡ በአብዛኛው ከውጭ ባንኮች የተበደርነው ነው። (የወለዱ ጉዳይ ራሱን የቻለ ርዕስ ነው፤ ዛሬ አንገባበትም።) እስከ ኮምቦልቻ ሐዲዱ ተዘረጋ፤ የኤሌክትሪክ ኃይሉ ግን በጊዜው አልደረሰም። ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ደግሞ ፕሮጀክቱ ተዘረፈ፣ ተጎዳ።

ሐዲዱ አዋሽ ላይ ከአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ጋር እንዲገናኝ የታሰበ ነበር። የወሎ ወጣት ግን ዛሬም ወደ ጅቡቲ ባሕር የሚወርደው በደላላ፣ በበረሃ፣ በእግሩ ነው።

ባቡሩ ሄደም አልሄደም ዕዳው ይከፈላል። የሚከፍለው ሚኒስትሩ ከኪሱ አይደለም። ሸዋ በር ሽንኩርት የምትሸጠው እናታችን ሳሙና ስትገዛ ትከፍላለች። ታዲያ እንዴት ባለቤት የለውም ይባላል?

ከኸይበር ሲመለሱ ቀስት የገደለውን ሰው ሶሓቦች «ሸሂድ ሆነ» ሲሉ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ምርኮው ሳይከፋፈል የወሰዳት ልብስ እሳት ሆና እንደምትነድበት ነገሯቸው። ይህን የሰማ አንድ ሰው ወዲያው አንድ ወይም ሁለት የጫማ ማሰሪያ ይዞ መጣ። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። የጫማ ማሰሪያ! ስለ መዳብ ሽቦ ምን እንበል?

የአንድን ሰው በግ የሰረቀ በጉን መልሶ «ዐፉ በለኝ» ሊል ይችላል። የሕዝብን የሰረቀ ግን የሚሊዮኖችን ዐፍውታ ከየት ያመጣል? የገና ያልተወለደው ልጅም ሐቅ አለው፤ ዕዳውን ይወርሳልና።

ይህን የምንለው ለሽቦ ሌባው ብቻ አይደለም። በሌሊት ሽቦ የሚቆርጠውን እየረገምን፣ ያን ያህል ንብረት ዓመታት ሥራ ፈትቶ ሲቆም ዝም ያለውን ባለሥልጣን ማለፍ ፍትሕ አይሆንም። አማናው የሁለቱም አንገት ላይ ነው። «መቼ ነው የሚጀምረው? ምን ጎደለው?» ብሎ በአደብ መጠየቅ ፊትና አይደለም፤ ዕዳ ከፋይ የመጠየቅ ሐቅ አለው።

የሒጃዝን ባቡር አስታውሱ። ሱልጣን ዐብዱልሐሚድ ከደማስቆ መዲና እንዲዘረጋ ሲያዙ ከሕንድ ሳይቀር ሙስሊሞች አዋጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1908 መዲና ገባ። ጥቂት ዓመት ሠርቶ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈራረሰ፤ የመዲናው ጣቢያ ዛሬ ሙዚየም ነው። እሱስ ሐጃጅ አድርሶ ነው ሙዚየም የሆነው።

ያ ወንድማችን ይህን ካነበበ አይቀየመን፤ ስሙን አላነሳንም። ፒያሳ እንገናኝ፣ ሻዩ በእኛ ነው። ሽቦ የወሰደ ወዳጅ ካለው ግን እሱንም ይዞት ይምጣ፤ ሳያፍር የሚመልስበትን መንገድ አብረን እንፈልጋለን፣ ኢንሻአላህ።