«ብርድ ነው ልጄ»

ማክሰኞ ዕለት ለቅሶ ደረስኩ። ድንኳኑ ውስጥ እንደተለመደው እጄን ሳይሆን ክንዴን ዘረጋሁ፤ እጁ የረጠበ ወይም ወጥ የነካ ሰው እንደሚያደርገው። ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ሰላም የምለው እንዲህ ነው። የማያውቀኝ ሰው ከጓዳ የወጣሁ ይመስለዋል፤ የሚያውቀኝ ክንዴን በቀስታ ይዞ ያልፋል። ከሐዘንተኛዋ ጎን የተቀመጡት እማማ ግን አልለቀቁኝም። «እጅሽ ምን ሆነ?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«ብርድ ነው ልጄ። ጥቅምት እኮ ገባ።»

«ብርድ» ከምትለው ቃል ጋር የቆየ ጠብ አለኝ። ለቅሶ ቤት ክርክር አይነሳምና ዝም አልኩ። በግራ በቀኝ ያሉት ግን ቀጠሉ፤ አንዷ በለጋ ቅቤ ታሽቶ ማደር ነው አለች፣ ሌላዋ ዝንጅብል፣ ሦስተኛዋ የሰፈሯን መርፌ ወጊ። ሁሉም የተናገሩት ከፍቅር ነው። ቢሆንም ብርድ አይደለም። ብርድ ቢሆን ኖሮ እንደ ሠመራ ባለ ሞቃት ከተማ በዚህ የሚታመም ሰው ባልተገኘ። ብርድ የታመመውን መገጣጠሚያ ያብስበት ይሆናል እንጂ በሽታውን አይፈጥረውም። የእኔ በሽታ ሩማቶይድ አርትራይተስ ይባላል። ከጀርም እንዲጠብቀኝ የተሰጠኝ የሰውነቴ መከላከያ የገዛ መገጣጠሚያዬን ሽፋን እንደ ጠላት ቆጥሮ ያጠቃል። ዕድሜ የሚጨርሰው ጉልበት ሌላ ነው። ሌሊት የእግር አውራ ጣትን እንደ እሳት የሚያነደው፣ ከዩሪክ አሲድ የሚመጣው ሪህም ሌላ ነው። መድኃኒታቸውም ለየቅል ነው። እኛ ግን ሁሉንም ቁርጥማት እንላለን፣ ቁርጥማቱን ብርድ እንላለን፣ ከዚያ ጋቢ ደርበን እንቀመጣለን።

ይህች ቃል ሁለት ዓመት በልታብኛለች። 36 ዓመቴ ነበር። ጠዋት ስነሳ ጣቶቼ እንደ ደረቀ ጠፍር ግትር ይላሉ። መጀመሪያ የጥርስ ሳሙናው ክዳን አልከፈት አለኝ። ቀጥሎ የቀሚሴ ቁልፍ። ከሁሉ የከበደኝ ግን እንጀራ መቁረስ ነው። ጤነኛ ሰው አያስተውለውም እንጂ አንዲት ጉርሻ ብዙ ሥራ አለባት፤ አውራ ጣት ይጫናል፣ አመልካችና መሐል ጣት ይስባሉ፣ የእጅ አንጓ ይዞራል፣ ከዚያ ሁሉም ተባብረው ወጡን ጠቅልለው ያነሳሉ። እኔ መቁረስ ሲያቅተኝ በመዳፌ እየገፋሁ ሰበሰብኩ፤ ወጡ በጣቶቼ መሐል ይፈሳል። ሰው ፊት መብላት አቆምኩ። ቀስ በቀስም ከማኅበር ቀረሁ። ያኮረፍኩ የመሰላቸው ነበሩ።

አንድ ክሊኒክ ገባሁ። ብርድ ነው ተባልኩና መርፌ ተወጋሁ። በማግስቱ ሊጥ አቦካሁ! ሲመለስብኝ እንደገና ተወጋሁ፤ ወራት እንዲህ አለፉ። ፊቴ ክብ ሆነ፣ ጉንጬ ሞላ። ሰዉ «ተመችቶሻል» ይለኝ ጀመር። የምወጋው ምን እንደሆነ የነገረኝ የለም፤ ኋላ ሳጣራ ከኮርቲዞን ወገን ነበር። በ1948 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አሜሪካ ማዮ ክሊኒክ ውስጥ ፊሊፕ ሄንች የተባለው ሐኪም ይህን መድኃኒት በዚሁ በሽታ ለተያዘች ሴት ሲሰጥ፣ መራመድ ያቃታት ሰው በቀናት ውስጥ ተነስታ ሄዳለች። በ1950 ከሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች ጋር የኖቤል ሽልማት አገኘ። ብዙ ሳይቆይ ግን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ አጥንት እንደሚያሳሳ፣ ስኳር እንደሚያስነሳ ታወቀ። መድኃኒቱን አልወቅስም፤ ሐኪም በልኩ ሲያዘው ዛሬም ይጠቅማል። ምርመራ ሳይኖር ሲወጋ ግን ሕመሙ ከላይ ይሸፈናል፣ መገጣጠሚያው ከሥር ይበላል። የቀኝ እጄ ሁለት መገጣጠሚያዎች ያኔ የተበሉ ናቸው፤ አይመለሱም።

በሽታው በምርመራ ከታወቀ ወዲህ ሜቶትሬክሴት የተባለ መድኃኒት እወስዳለሁ፤ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ። በስህተት በየቀኑ የሚወስደው ሰው ሊሞት ስለሚችል ካርቶኑ ላይ «ቅዳሜ» ብዬ በቀይ ጽፌበታለሁ። እሑድ ያቅለሸልሸኛል። ሰኞ ወጥ እሠራለሁ። በየጊዜው ደሜና ጉበቴ ይመረመራል። የዚህ በሽታ ልዩ ሐኪም በአገራችን በጣት የሚቆጠር ነው፤ ቶሎ የደረሰበት ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ እጁን ያተርፋል። የምናደደው ለዚህ ነው።

ሐሙስ ለሠልስቱ ተመለስኩና እማማ አጠገብ ተቀመጥኩ። ቡና ሲዞር ሲኒውን በጣታቸው አልያዙትም፤ በሁለት መዳፋቸው መሐል ጨምቀው አነሱት። ያን ጊዜ ነው እጃቸውን በደንብ ያየሁት። በሁለቱም እጅ የጣቶቻቸው ሥር አብጧል፤ ጣቶቹ ሁሉ ወደ ትንሿ ጣት አጋድለዋል። የእናቴ እጅ! እናቴን «ሥራ ነው ያጣመማት» እያልን ነው የቀበርናት። ልጅ ሳለሁ ጀበናውን ለእኔ ሰጥታ «ቅጂ» ስትለኝ ሙያ የምታስተምረኝ ይመስለኝ ነበር።

«እማማ፣ ጠዋት ሲነሱ ጣትዎ ይተሳሰራል?»

«አዎ ልጄ።»

«ምን ያህል ይቆያል?»

«እስከ በረካ።»

ቡናው ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ አቦልና ቶና ተጠጥቶ በረካ እስኪደርስ ከአንድ ሰዓት ይበልጣል። ሐኪሜም መጀመሪያ የጠየቀኝ ይህንኑ ነበር፤ ዕድሜ የጨረሰው መገጣጠሚያ አብዛኛውን ጊዜ በግማሽ ሰዓት ይፍታታል፣ የእኛው ሰዓት ያልፋል።

«ማን ያፈላልዎታል?»

«የልጅ ልጄ። እኔማ ዘነዘና ከያዝኩ ስንት ዘመኔ።»

«ታይተው ያውቃሉ?»

«ለብርድ?» አሉኝ፣ ከልባቸው ገርሟቸው።

ሰኞ አብረን እንሄዳለን። እስከ ዛሬ የተወጉትን ሁሉ፣ ወረቀቱ ካለ ወረቀቱን፣ ብልቃጡ ካለ ብልቃጡን ይዘው እንዲመጡ ነግሬያቸዋለሁ። ካርድ የሚወጣው ገና በማለዳ ነው፤ በዚያ ሰዓት የእሳቸውም የእኔም እጅ አልተፈታም። የልጅ ልጃቸው ቀድማ ሰልፍ ትይዛለች፤ እኛ በረካችንን ጠጥተን እንደርሳለን።