የምህንድስና ተማሪ ስለ ሰው ለምን ይማራል?

 

ከመግሪብ አዛን በፊት ባሉት ደቂቃዎች ወደ ዶርም መታጠቢያ ክፍል የገባ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ዉዱእ ስናደርግ እግራችን ላይ ስንደርስ በአንድ እግር ቆመን ሌላውን ወደ ፊት መታጠቢያው ገንዳ እናነሳለን። አንዱ ግድግዳ ይይዛል፣ ሌላው የጓደኛውን ትከሻ። ውሃው ይፈሳል፣ ወለሉ ይጨቀያል፣ የጽዳት ሠራተኛዋም ታማርራለች። እውነቷን ነው። እኛም ግን ሌላ የምንታጠብበት ቦታ የለንም።

ገንዳው ጉድለት የለበትም። ቧንቧው አያንጠባጥብም፣ ቁመቱም ልክ ነው። የነደፈው መሐንዲስ ስሌቱን አልሳተም። ያልጠየቀው ጥያቄ ግን አለ፦ እዚህ የሚታጠቡት እነማን ናቸው? በቀን ስንት ጊዜ? የሚታጠቡትስ ምናቸውን ነው?

ይህን ያነሳነው ለማማረር አይደለም። ብዙዎቻችን የምህንድስና ተማሪዎች ነን። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ኢንሻአላህ፣ ንድፉን የምንነድፈው እኛ ነን። ያኔ የምንሠራለትን ሰው ጠይቀን እንሠራለን ወይስ ረስተነው? የዛሬው ጉዳያችን ይህ ነው።

በ2012 ዓ.ም. የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት ወደ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ተመልሷል። ከዚያ በፊት ለዓመታት ከመሰናዶ የመጣ ተማሪ በቀጥታ ወደ ትምህርት ክፍሉ ይገባ ነበር። 70 በመቶው ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ወደ ማህበራዊ ሳይንስ እንዲመደብ ያደረገው ፖሊሲም ሁለቱን ወገን ይበልጥ አራርቋቸዋል። አሁን ምህንድስና የሚገባው ልጅ ከሒሳብና ከፊዚክስ ጎን ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ፣ ሳይኮሎጂ፣ አንትሮፖሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ ኢኮኖሚክስና የሥነ ምግባር ትምህርት ይወስዳል። በውጭው ዓለም ሊበራል አርትስ የሚሉት፣ የሰውን አስተሳሰብ፣ ቋንቋ፣ ታሪክና አኗኗር የሚያጠናው ሰፊ ትምህርት፣ በትንሹም ቢሆን ደጃችን መጥቷል ማለት ነው። ይህ ደግሞ ሥራ የፈታ ሰው ትምህርት አይደለም። በምህንድስና ስሙ የገነነው የአሜሪካው ኤምአይቲ እንኳ ተማሪው 8 የሰብአዊና የማህበራዊ ጥናት ኮርሶችን ሳይወስድ አያስመርቅም።

እኛ ግን ምን አደረግንበት? «ኮመን ኮርስ ነው፣ ያልፋል» አልን። ከሲኒየር የወረስነውን ሃንዳውት በፈተናው ዋዜማ ሌሊት አገላበጥን፣ ጠዋት ጽፈን ወጣን፣ ከሰዓት በኋላ ረሳነው። የአንትሮፖሎጂ መምህሩ ሲያስተምር ከኋላ ተቀምጠን የካልኩለስ ወርክሺት ስንሠራ የነበርነው እኛው ነን። ይህን የምንጽፈው ከጥፋቱ ነጻ ስለሆንን አይደለም።

ጥፋት መሆኑን ያወቅነው አገር ቤት ስንመለስ ነው። ከመካከላችን ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ የመጡ አሉ። በዚያ አገር መኪናው መንገዱን ይዞ ሲሄድ ግራና ቀኙ በቆሎ ነው። ቀይ በርበሬው በየደጁ ተሰጥቶ ይደርቃል። ቡሬ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ባሕር ዳር፣ ሌላው ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት። አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኩ እዚያ ነው፣ የምግብ ዘይት ፋብሪካው እዚያ ነው፣ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የቡሬ ካምፓስም እዚያ ነው። መሐንዲስ የሚፈልግ አገር ነው። ግን ምን ዓይነት መሐንዲስ?

የበቆሎ መፈልፈያ ማሽንን እንውሰድ። ለሜካኒካል ተማሪ ጥሩ የመመረቂያ ፕሮጀክት ነው። የሞተሩን ጉልበት፣ የከበሮውን ፍጥነት፣ የሚሰበረውን ፍሬ መጠን እናሰላለን። ነገር ግን በቤቱ ውስጥ በቆሎ የሚፈለፍለው ማን ነው? ብዙ ጊዜ እናትና ልጆች ናቸው፤ ማታ፣ እሳት ዳር፣ እያወሩ። ማሽኑ ሲመጣ የኪራዩን ብር የሚያወጣው ማን ነው? በጎታው ውስጥ ስላለው እህል የሚወስነውስ? እጀታው ለአባወራው ቁመት ከተሠራ እናቲቱ ትደርስበታለች? ማሽኑ የሚቀመጥበት ቦታ ከቤቷ የሚርቅ ከሆነ ሕፃን አዝላ፣ ጆንያ ተሸክማ ትሄዳለች? እነዚህን ያልጠየቀ ማሽን በወረቀት ላይ «ኤ» ያገኛል፣ መንደር ገብቶ ግን አቧራ ይጠጣል። ጥያቄዎቹ የሚገኙት በቴርሞዳይናሚክስ መጽሐፍ ውስጥ አይደለም። ተኝተን ባሳለፍነው ክፍለ ጊዜ ውስጥ ነበሩ።

ከቡሬ ወደ ባሕር ዳር ሲኬድ መራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ መስኖም ይህንኑ ያስተምራል። ግድቡ 7,000 ሄክታር እንዲያለማ የታቀደ ነው። የሲቪልና የውሃ ምህንድስና ተማሪ ግድቡን፣ ዋናውን ቦይና በሩን ማስላት ይችላል። ሆኖም ውሃው ከቦዩ ራስ ካለው ገበሬ አልፎ ጫፍ ላይ ላለው እንዲደርስ የሚያደርገው ተዳፋቱ ብቻ አይደለም። ተራው ነው፤ ስምምነቱ ነው፤ ሲጣሉ የሚዳኛቸው ሰው መኖሩ ነው። ገበሬው ኮንክሪት ከመምጣቱ በፊትም ይህን ያውቅ ነበር። በባህላዊ መስኖ ተራ የሚያስጠብቀውን ሰው «የውሃ አባት» ይለዋል። የውሃ አባት ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደሚታመን ሳያውቅ ቦይ የሚቆፍር መሐንዲስ ግማሹን ሥራ ትቶ ሄዷል።

እኛ ሙስሊሞች ደግሞ ይህ ነገር አዲስ ሊሆንብን አይገባም። የመጀመሪያው ወሕይ የጀመረው በንባብ ትእዛዝ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። አልጀብራ ለሚለው ቃል መነሻ የሆነውን መጽሐፍ የጻፈው አል-ኸዋሪዝሚ የመጽሐፉን ሰፊ ክፍል የሰጠው ለውርስ ክፍፍል ነው። ለእርሱ ሒሳብ ከየቲም ሐቅ የተለየ ነገር አልነበረም።

ኢብን አል-ሀይሠምን እናስታውስ። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የዓባይን ውሃ በግብፅ መቆጣጠር ይቻላል ብሎ ተነሳ። ኸሊፋው አል-ሐኪም ላከው። ወንዙን ይዞ ወደ ደቡብ ሲወጣ የጥንቶቹ ግብፃውያን የሠሯቸውን ታላላቅ ሕንፃዎች አየ። እነዚህ ሰዎች ይህን ያህል እያወቁ ወንዙን ያልገደቡት የማይቻል ቢሆን ነው ብሎ አሰበና ሐሳቡን ተወ። ያ መሐንዲስ ከስሌቱ በላይ ከእርሱ በፊት የነበሩትን ሰዎች ሥራ ማንበብ ችሏል። ስህተቱን ማመኑም ዕውቀት ነው። እርሱ ሊቆጣጠረው ያሰበው ውሃ መነሻ ደግሞ ግሽ ዓባይ ነው፤ ሰከላ፣ እዚያው የእኛ ልጆች በሚመጡበት አገር።

ራቅ ሳንልም፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከባሶ ገበያ ዓባይን እየተሻገሩ እስከ እናርያ ይነግዱ የነበሩት ሙስሊም ነጋዴዎች ሀብታቸው በቅሎና አሞሌ ጨው ብቻ አልነበረም። በየአገሩ ያለውን ቋንቋ፣ ልማድና የሰው ጠባይ ማወቃቸው ነበር። ያለዚያ ወንዙን ማዶ ተሻግሮ በሰላም መመለስ አይቻልም ነበር።

ሁለት መቃወሚያዎች እንደሚነሱ እናውቃለን። አንደኛው፦ «ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና አለ፣ ሥራ የለም፣ ጊዜ የለም፤ እናንተ ስለ አንትሮፖሎጂ ታወራላችሁ» የሚል ነው። ቤተሰቡ በሬ ሸጦ ለሚያስተምረው ልጅ ይህ ቀልድ አይደለም፣ እኛም በቀልድ አናልፈውም። ሰፊ ትምህርት ሥራ ያስይዛል ብለን ቃል አንገባም። ነገር ግን ተጨማሪ ኮርስ ውሰዱ አላልንም። እነዚያን ሰዓቶች አስቀድመን በክፍል ተቀምጠን እየከፈልናቸው ነው። የጠየቅነው ከከፈልንበት ነገር እንድንጠቀም ነው። ፕሮፖዛሉን አስተካክሎ መጻፍ፣ ከቀበሌ ሊቀመንበርም ከገበሬም ጋር ተግባብቶ መነጋገር የማይችል መሐንዲስ ደግሞ ፈተናውን ቢያልፍም ሥራው ላይ መቸገሩ አይቀርም።

ሁለተኛው፦ «ሎጂክና ፍልስፍና ዐቂዳን ያበላሻል» የሚል ነው። ዑለማዎቻችን በሎጂክ ጉዳይ የተለያየ አቋም እንደነበራቸው እውነት ነው፤ ጥንቃቄውንም እናከብራለን። ሆኖም ኢማም አል-ገዛሊ ፈላስፎችን አምርረው የተቹ ሆነው ሳለ የኡሱል አል-ፊቅህ ኪታባቸውን አል-ሙስተስፋን የጀመሩት በሎጂክ መግቢያ ነው። ያነበቡትን ነገር ነው የተቹት። እኛም ያልገባንን ነገር ከመሸሽ፣ መምህሩን በአደብ ጠይቀን፣ ያጠራጠረንን ለኡስታዞቻችን አቅርበን ብንማር ይሻላል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ከዛሬ ስልሳ ዓመት በፊት፣ በ1957 ዓ.ም.፣ የያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥተው እንዲያገለግሉ ተደርጎ ነበር። አብዛኞቹ ያስተማሩ ሲሆን ከገጠሩም ተምረው ተመልሰዋል። ያን ያህል ባይሆንም በአቅማችን የሚቻል ነገር አለ። ክረምት ወደ ቤታችን ስንሄድ እያንዳንዳችን አንድ ጥያቄ ከሰው አፍ ጽፈን እንምጣ፦ የምንጩ ውሃ ለምን ቆመ? እህሉን ነቀዝ ከመብላቱ በፊት ለምን ይሸጣል? በጀማዓችን በሳምንት አንድ ሰዓት የምህንድስና፣ የሕግ፣ የጤና፣ የማህበራዊ ሳይንስ ልጆች፣ እህቶችም ወንድሞችም፣ በአንድ ጥያቄ ዙሪያ እንቀመጥ። ለዚህ በጀት አያስፈልግም፤ ኒያ ነው የሚያስፈልገው።

ባለፉት ዓመታት በፀጥታው ችግር በጎጃም ገጠር ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ታናናሾቻችን ቤት ውለዋል። እነርሱ የተመኙትን ወንበር ይዘን መምህሩን አለመስማት አማናን መብላት ነው።

መጀመሪያውን ጥያቄ ደግሞ ቅርብ እናግኘው። የሲቪል ተማሪዎቻችን ዝቅ ያለ የእግር ማጠቢያ፣ ከነፍሳሹ፣ በአነስተኛ ወጪ ይንደፉ። የሕግና የቋንቋ ልጆች ለአስተዳደሩ በአክብሮት ደብዳቤውን ይጻፉ። የኢኮኖሚክስ ልጆች የሚባክነውን ውሃ ይቁጠሩ። ከሁሉም በፊት ግን አንድ ሰው ሄዶ የጽዳት ሠራተኛዋን ይጠይቅ፦ «እትዬ፣ የት ቢሆን፣ እንዴት ቢሠራ ለእርስዎ ይቀልዎታል?» ወለሉን በየቀኑ የሚያውቁት እርሳቸው ናቸው። ንድፉ ከእርሳቸው መልስ ይጀምር።

አላህ የሚጠቅም ዒልም ይስጠን፤ የተማርነውንም ለሰው የሚጠቅም ያድርገው። ወሏሁ አዕለም።