ስቲልሃርትን ማን አከፋው?

ከሳሽ፦

ብራንደን ሳንደርሰን በ2013 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ስቲልሃርት» ውስጥ ካላሚቲ የሚባል ቀይ ብርሃን ሰማይ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ተራ ሰዎች ልዩ ኃይል ያገኛሉ። ኤፒክ ይባላሉ። ሕዝቡ ከመካከላቸው ጀግና ቢጠብቅም የሚመጣለት ገዳይ ነው። ስቲልሃርት ቺካጎን ብረት አድርጎ፣ ኒውካጎ አሰኝቶ፣ ፀሐይ በማይወጣበት ጨለማ ውስጥ ይገዛታል። በስምንት ዓመቱ አባቱን በስቲልሃርት እጅ ያጣው ዴቪድም ከአሥር ዓመት በኋላ ኤፒኮችን እያደነ ከሚገድል ስውር ቡድን ጋር ይቀላቀላል።

ታሪኩ ልብ ያንጠለጥላል፤ አልክድም። ክሴ ደራሲው ለክፋት ባበጀው ምንጭ ላይ ነው። ኤፒኮች ኃይላቸውን በተጠቀሙ ቁጥር አእምሯቸው ይመረዛል፤ በ2016 እ.ኤ.አ. በወጣው የተከታታዩ ሦስተኛ መጽሐፍ ደግሞ መርዙ የሚመጣው ከራሱ ከካላሚቲ መሆኑን እንረዳለን። ታዲያ በልጁ ዓይን ፊት አባቱን የገደለው ማን ነው? ሰውዬው ወይስ የሰማዩ ብርሃን? ጨቋኝ ከሰማይ አይወርድም። ወታደር ሲታዘዝለት፣ ነጋዴ ሲያተርፍበት፣ ጸሐፊ ሲያወድሰው፣ ጎረቤት የጎረቤቱን በር ሲጠቁምለት ነው የሚገዝፈው። ይህን ለወጣት አንባቢ ሳያሳዩ «መርዙ ነው ያከፋው» ማለት ወንጀለኛን በነፃ ማሰናበት ነው።

ደግሞስ የከተማዋ ሕዝብ የት አለ? ጥቂት የታጠቁ ሰዎች ሁሉን ሲወስኑ የቀረው ተመልካች ሆኖ ቀርቷል።

ጠበቃ፦

ባልደረባዬ ሕዝቡ የት አለ ይላሉ። ሕዝቡ በልቶ እያደረ ነው። ኒውካጎ መብራት አላት፣ ምግብና ሥራም አላት፤ ብዙው የአሜሪካ ክፍል ይህ የለውም። ከቡድኑ አባላት አንዷ ሜጋን ይህንኑ አንስታ ዴቪድን ትሞግተዋለች፤ ስቲልሃርት ቢሞት ከተማዋን ማን ያቆማታል? ጨቋኝ በጅራፍ ብቻ ሳይሆን በጉርሻም እንደሚገዛ ለወጣት እንዲህ በግልጽ የሚነግር መጽሐፍ ብዙ አላየሁም።

ወደ መርዙ ልምጣ። (ምስጢሩ እንዲገለጥበት የማይፈልግ አንባቢ እዚህ ላይ ይቁም።) ሜጋንም የቡድኑ መሪ ፕሮፍም ራሳቸው ኤፒኮች ናቸው። ፕሮፍ ኃይሉን የመሣሪያ ሥራ አስመስሎ ለጓዶቹ ያድላል፤ ራሱ ግን እንዳይጠቀምበት ዕለት ዕለት ይታገላል። መርዙ አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ ሲነግሥበት ሌላው ከታገለው፣ ጥፋተኛነት አልተሰረዘም።

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ስቲልሃርትን ሊያቆስለው የሚችለው እሱን የማይፈራ ሰው ብቻ ነው። የዴቪድ አባት ጥይት ፊቱን የጫረው፣ አባትየው ይህን ሰው ጀግና ብሎ አምኖ፣ ሊያግዘው ብሎ ስለተኮሰ ነው። በመጨረሻም ስቲልሃርት ፈንጂ የተያያዘበትን ሽጉጥ ቃታ በገዛ እጁ ስቦ ይሞታል፤ ራሱን አይፈራምና። የአምባገነን ጉልበት የሚፈሩት ሰዎች ፍርሃት መሆኑ ከዚህ በላይ እንዴት ይተረካል?

ከሳሽ፦

የፍርሃቱን ነገር እቀበላለሁ፤ የመጽሐፉ ትልቁ ሐሳብም እሱ ነው። የፕሮፍን ምስክርነት ግን አልቀበልም። በሁለተኛው መጽሐፍ መጨረሻ ኃይሉን እንዲጠቀም ሲገደድ ይወድቃል፤ በሦስተኛው እሱው የሚታደን ጨካኝ ይሆናል። ለዓመታት የታገለ ሰው እንዲያ ከተሰበረ፣ መጽሐፉ ስለ ምርጫ የሚያስተምረው ምን ቀረ?

ጠበቃ፦

ሜጋን ቀረች። የምትፈራውን እሳት ተጋፍጣ ከመርዙ ነፃ ትወጣለች፤ ያንን የሚያደርግላት ሌላ ሰው የለም። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ከሁለታችን ለአንዳችን ከመፍረድህ በፊት ሦስቱንም መጻሕፍት እስከ መጨረሻው አንብብ።