ፀሐይ በነጻ ትወጣለች፤ መብራቷ ግን ጠባቂ ይፈልጋል

የላስታ ደጋ ከጥንት ጀምሮ ስሙ የገነነ አገር ነው። ከአለት ተፈልፍለው የተሠሩት 11 የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡ ወዲህ ደግሞ ዝናው ባሕር ተሻግሮ የሩቅ አገር ሰዎች ሳይቀሩ ሊያዩት የሚመኙት ሆኗል። ዳሩ ግን ይህ ደጋ ጎብኚ ፎቶግራፍ የማያነሣው፣ ባላገሩም እንደ ሀብት የማይቆጥረው አንድ ሌላ ጸጋ አለው። እርሱም ከዓመቱ አብዛኛውን ቀን የሚወርድለት ብርቱ የፀሐይ ብርሃን ነው።

ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። ከበላይዋ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ደግሞ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። ቦታው ከፍ ባለ መጠን አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ በመንገድ የሚቀረው ብርሃን ያንሳል፤ ከመሬት የሚደርሰውም ይበዛል። በአገራችን በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ በቀን በአማካይ 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል የፀሐይ ኃይል ያርፋል። የዛሬ ፓኔል ከዚህ ውስጥ አምስተኛውን ያህል ወደ ኤሌክትሪክ ስለሚለውጥ፣ አንድ ካሬ ሜትር ፓኔል በጥሩ ቀን ወደ 1 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠጋ ኃይል ይሰጣል ማለት ነው። አንድ ቤተ ሰብ ባለ 5 ዋት አምፑሎችን 4 አድርጎ በየማታው ለ5 ሰዓት ቢያበራ የሚፈጀው ከዚህ ዐሥረኛውን ብቻ ነው።

ብዙ ሰዎች ሶላር የሚሠራው በፀሐይ ሙቀት ይመስላቸዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ፓኔሉ የሚፈልገው ብርሃኑን እንጂ ሙቀቱን አይደለም፤ እንዲያውም ከ25 ዲግሪ በላይ በጋለ ቁጥር የሚሰጠው ኃይል ጥቂት በጥቂት ይቀንሳል። ስለዚህ ብርሃኑ ብርቱ፣ አየሩ ቀዝቃዛ የሆነው ደጋ በዚህ ረገድ ከጋለው ቆላ ይልቅ የተመቸ ነው።

ጥበቡም ከተገኘ ቆይቷል። በአሜሪካ የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች ከሲሊኮን የሠሩትን የፀሐይ ሴል ለሕዝብ ያሳዩት በሚያዝያ 1946 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያ ዋጋው እጅግ ውድ ስለ ነበረ ወደ ጠፈር ለሚላኩ ሳተላይቶች ካልሆነ በቀር ለባላገር ቤት የሚታሰብ አልነበረም። ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዐሥር ዓመታት ውስጥ ግን የፓኔል ዋጋ ከመቶ 80 እጅ በላይ ወረደ። ከዚህም የተነሣ ትናንት የጠፈር መሣሪያ የነበረው ነገር ዛሬ በገጠር ገበያ ከጨውና ከሳሙና አጠገብ የሚሸጥ ዕቃ ሆኗል።

እንግዲህ ላስታ ስለ ምን በጨለማ ያመሻል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። የተከዜ ወንዝ የሚመነጨው ከእነዚሁ ከላስታ ተራሮች ነው። ውኃው ቆላ ለቆላ ወርዶ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀውን ባለ 300 ሜጋ ዋት የተከዜ ግድብ ያንቀሳቅሳል። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም አለው። ከተከዜ ምንጭ አጠገብ ባሉት መንደሮች ግን ዛሬም የብዙ ቤት መብራት ኩራዝና የምድጃ እሳት ነው። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ሆኖም ጥፋቱ የግድቦቹ አይደለም። የላስታ ገበሬ የሚኖረው በአንድ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ሳይሆን በየአምባውና በየሸንተረሩ ተበትኖ ነው። ገደል አሻግሮ ምሰሶ መትከልና ሽቦ መሳብ፣ ለዐሥርና ለሃያ ቤት ብሎ ትራንስፎርመር ማቆም ወጪው ከባድ ነው። ይህን በማስተዋል በ2011 ዓ.ም. የወጣው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም ከመቶው 65 እጅ በዋናው መስመር፣ 35 እጅ ደግሞ ከመስመር ውጭ በሆነ ኃይል፣ ይልቁንም በፀሐይ፣ መብራት እንዲያገኝ ዐቀደ። ለዚህ የተቆረጠው ቀጠሮ በአውሮጳውያን አቆጣጠር 2025 ነበር። ቀጠሮው ደረሰ፤ አለፈም፤ ሥራው ግን ገና ብዙ ይቀረዋል።

መስመሩ የደረሰላቸውም ቢሆኑ ያለ ሥጋት አልኖሩም። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ማለቂያ ጦርነቱ ላሊበላ ሲደርስ ከተማዪቱ መብራት አጣች። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ውጊያው ከከተማዪቱ ከራቀ በኋላም ጨለማው ብዙ ወራት ቆየ። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚጠፋው አምፑል ብቻ አይደለም። የውኃው ፓምፕ ይቆማል፤ ወፍጮው ይዘጋል፤ የክትባቱ ማቀዝቀዣ ይሞቃል፤ ስልክ ይዘጋና ዘመድ ከዘመድ ይጠፋፋል። አንድ ከተማ በአንድ ሽቦ ብቻ መንጠልጠሏ አደጋ መሆኑን ላሊበላ በራሷ አይታዋለች።

ስለዚህ ሶላር ይስፋፋ ወይስ አይስፋፋ የሚለው ክርክር ያለቀ ነው። የቀረው ጥያቄ እንዴት ይስፋፋ የሚለው ነው። በእኛ አስተያየት ነገሩ የሚቃናውም የሚበላሸውም በአንድ ነጥብ ላይ ነው። ይኸውም ሶላሩ ወደ ቤት የሚገባው ባለቤትና ጠጋኝ ያለው ንብረት ሆኖ ነው? ወይስ በርክክብ ቀን ተጨብጭቦለት በማግስቱ የሚረሳ ስጦታ ሆኖ ነው?

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በዚሁ በአማራ ክልል፣ በሰሜን ሸዋ፣ ሬማ በምትባል የገጠር ከተማ በ1990ዎቹ መጨረሻ አንድ የጀርመን በጎ አድራጎት ድርጅት ከ1,000 በላይ ቤቶችን በሶላር አብርቷል። ከቤቶቹ ቁጥር ይልቅ የሚያስመሰግነው ግን ሌላ ነገር ነው። ድርጅቱ በዚያው በሬማ የሶላር ትምህርት ቤት ከፍቶ ወጣቶችን በተከላና በጥገና አሠለጠነ። ፓኔሉ ከውጭ አገር ቢመጣም ጠጋኙ የአገሩ ልጅ እንዲሆን ታስቦ ነበር ማለት ነው።

ከባሕር ማዶ ደግሞ ባንግላዴሽን እንመልከት። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው ፕሮግራም በ15 ዓመት ውስጥ ከ4 ሚሊዮን በላይ የቤት ሶላሮች ተተከሉ። ገበሬው ከዋጋው ጥቂቱን አስቀድሞ ይከፍላል፤ የቀረውን በየጊዜው ያወራርዳል፤ የሸጠለትም ድርጅት ብድሩ እስኪያልቅ ድረስ እየተመላለሰ ይጠግንለታል። ኋላ ግን መንግሥት በሌላ ፕሮግራም ሶላርን በነጻ ማደል ጀመረ። በነጻ ይመጣል ሲባል የሚገዛ ሰው አነሰ፤ የተበደረውም መክፈሉን ቸል አለ። ዋናው መስመርም ወደ ገጠር ስለ ተስፋፋ የሻጮቹ ሥራ ቀዘቀዘ፤ ሻጩ ሲዘጋ ጠጋኙም አብሮ ሄደ። በደግነት የተሰጠ ነገር ለብዙ ዓመት የተገነባውን ገበያ እንዳናጋው ልብ ይሏል።

ከነዚህ ከሁለቱ አገሮች ታሪክ ለላስታ የሚጠቅሙ ሦስት ነገሮች ይገኛሉ።

የመጀመሪያው የዕቃው ጥራት ነው። ገዢ ዘወትር ፓኔሉን ያያል እንጂ ባትሪውን አይጠይቅም። ደኅና ፓኔል 25 ዓመት ሊያገለግል ይችላል፤ ቶሎ የሚያረጀው ባትሪው ነው። ተራው የእርሳስ ባትሪ በየማታው ከግማሽ በታች እየተሟጠጠ ከተሠራበት በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ ይሞታል። የሊቲየም ፎስፌት ባትሪ በዋጋ ቢወደድም ከዚያ እጅግ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። አተካከሉም ዕውቀት ይጠይቃል። ላስታ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 12 ዲግሪ ያህል ላይ ስለሚገኝ ፓኔሉ ፊቱን ወደ ደቡብ አዙሮ ጥቂት ዘንበል ማለት አለበት። የዛፍ ጥላ እንዳያርፍበት፣ የበጋ አቧራም እንዳይከማችበት መጠበቅ ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ ግን የፓኔል መጠን የሚወሰነው በጥር ፀሐይ ሳይሆን በነሐሴ ደመና ነው። በጥር ተለክቶ የተገዛ ሶላር በክረምት፣ ሌሊቱ በሚጨልምበትና ልጆች በቤት በሚሰበሰቡበት ጊዜ፣ ባለቤቱን ያሳፍራል።

ሁለተኛው የአከፋፈሉ መንገድ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዙን በየወሩ ይቀበላል፤ ገበሬ ግን ገንዘብ የሚያየው እህሉን ወቅቶ ወይም በጉን ሸጦ ነው። ስለዚህ የሶላር ብድር የሚከፈልበት ቀን በከተማ ሠራተኛ ደመወዝ ሳይሆን በባላገሩ መከርና ገበያ ልክ መቆረጥ ይገባዋል። ደግሞስ ገበሬው ምንም አይከፍልም የሚለው ሐሳብ ስሕተት ነው። ለላምባ፣ ለባትሪ ድንጋይና ስልክ ለማስሞላት ጥቂት ጥቂት እያለ ሲከፍል ይኖራል፤ ይህን ቢደምረው ብዙ ነው። በኬንያ ገዢው በእጅ ስልኩ በየዕለቱ ጥቂት ሳንቲም እየላከ የሶላሩ ባለቤት የሚሆንበት ሥራ ከተለመደ ቆይቷል። በእኛም አገር ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ይሠራል። በዚያው ዓመት የዓለም ባንክ ከመስመር ውጭ ላለው መብራትና ለመሰል ሥራ 500 ሚሊዮን ዶላር ፈቅዷል። እንግዲህ ስልት ወይም ገንዘብ ፈጽሞ የለም ማለት አይቻልም፤ የጎደለው ከአዲስ አበባው ሰነድ እስከ ላስታው ጎጥ ያለው ድልድይ ነው።

ሦስተኛውና ዋናው ጠጋኙ ነው። ዋጋው እዚህ ግባ በማይባል ፊውዝ ምክንያት ቤተ ሰብ ሙሉ ወደ ኩራዙ ሊመለስ ይችላል። ዕቃውን ተሸክሞ የአንድ ቀን መንገድ ወርዶ ወጥቶ ከተማ ማድረስ የማይሆንለት ሰው ፓኔሉን ጣራው ላይ ትቶ ተስፋ ይቆርጣል። ያረጀ የእርሳስ ባትሪም በየጓሮው ከተጣለ መርዙ ወደ አፈሩና ወደ ውኃው ይገባል፤ ሰብስቦ የሚመልስ ሰው ያስፈልጋል። በየቀበሌው አንድ ወጣት፣ አንድ መለኪያ፣ አንድ ሣጥን መለዋወጫ ቢኖር ይህ ሁሉ ይቀላል። ይህን ወጣት የሚያወጣው ደግሞ የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት ነው።

ይህን ስንል ሶላርን ከዐቅሙ በላይ ማወደስ አይገባም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ኃይል ይፈልጋል፤ አነስተኛው የቤት ሶላር ይህን ከቶ አይችልም። ስለዚህ አምፑል ስለ በራ ብቻ የላስታ እናት ከእንጨት ለቀማና ከጢስ ትገላገላለች ብሎ መናገር ሐሰት ነው። ለዚህ የተሻሻለ ምድጃ፣ የተተከለ ዛፍ፣ ሲደርስም ዋናው መስመር ያስፈልጋል። በአንጻሩ ሶላር ከመብራት ያለፈ ብዙ ሥራ አለው። በቀን ውኃ ስቦ ወደ ጋን የሚያወጣ ፓምፕ ባትሪ እንኳ አይፈልግም፤ ጋን ውስጥ የተከማቸው ውኃ ራሱ የተጠራቀመ ጉልበት ነውና። የክትባት ማቀዝቀዣም፣ የትምህርት ቤት ኮምፒዩተርም፣ በማኅበር የሚተከል ወፍጮም በፀሐይ ይሠራሉ።

ለከተማው ነጋዴም ጉዳዩ የትርፍና ኪሳራ ጉዳይ ነው። የላሊበላ ሆቴል መብራት በጠፋ ቁጥር ጀነሬተር ቢያስነሣ የሚያቃጥለው ናፍጣ ተራራ አቋርጦ በመኪና የሚመጣ ነው። የእንግዳውን ውኃ የሚያሞቅ፣ ምግቡን የሚያቀዘቅዝ፣ መብራቱንም የሚያቆይ ሶላር ቢተክል ዛሬ ያወጣውን ገንዘብ በናፍጣው ቁጠባ ቀስ በቀስ ይመልሰዋል። ነገር ግን ጎብኚ ወደ ላሊበላ የሚመጣው ፓኔል ለማየት አይደለም። በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያና በጥንቶቹ ክብ የድንጋይ ቤቶች መካከል የሚያብለጨልጭ መስተዋት እንዳይበዛ፣ የት ይተከል የት አይተከል የሚለውን የከተማው ማዘጋጃ ቤት ከቅርስ ጠባቂዎች፣ ከካህናቱና ከነዋሪው ጋራ ተመካክሮ አስቀድሞ መወሰን አለበት። ከተበላሸ በኋላ ማፍረስ ከባድ ነው፤ ያስቀይማልም።

ይህ ሁሉ በመጨረሻ የሚያርፈው በወጣቱ ትከሻ ላይ ነው። በወረዳ የተመደበ ወጣት ሹም ሪፖርቱን ሲጽፍ ይህን ያህል ሶላር ታደለ በሚለው መስመር አይርካ፤ ከሁለት ዓመት በፊት ከተተከሉት ስንቱ ዛሬ ማታ በርቷል የሚለውን መስመር ይጨምርበት። ከወረቀት ላይ ቁጥሩ ያንስ ይሆናል፤ እውነቱ ግን ይበዛል። የፊዚክስ ተማሪ የሆነ ሁሉ ደግሞ ለክረምት ወደ ዘመዶቹ ሲሄድ ቮልት ከአምፔር የሚለይበትን ትምህርት በጎረቤቱ ጣራ ላይ ቢያውለው፣ የላላውን ሽቦ ቢያጠብቅ፣ አቧራውን ቢያጥብ፣ ባትሪ አጠባበቁን ለእናቱ ቢያስረዳ፣ ከፈተና ወረቀት የሚበልጥ ምስክር ያገኛል።

ፀሐይዋ ለላስታ ማንም ያልሰጣት፣ ማንም የማይነጥቃት ሀብት ናት። ይህን ሀብት ወደ መብራት የሚለውጠው ፓኔል ከውጭ አገር ሊገዛ ይችላል፤ ጠብቆና ጠግኖ የሚያቆየው እጅ ግን ከውጭ አይገዛም። የአገሩ ልጅ ተምሮ ሊሆነው የሚገባው ይህንኑ እጅ ነው።