ለገና ፓርክ ወይስ ሜዳችን?

ገና በመጣ ቁጥር ልጆቻችን «አዲስ አበባ አንድነት ፓርክ ውሰዱን» ይሉናል። አልፈርድባቸውም። በ2012 ዓ.ም. የተከፈተው ይህ ፓርክ የአፄ ምኒልክን የግብር አዳራሽና ጥቁር ጎፈር ያላቸውን አንበሶች ያሳያል፤ እኔም ባይ ደስ ይለኛል። ነገር ግን በበዓል ሰሞን ከአማኑኤል ተነስቶ፣ ዓባይ በረሃን አቋርጦ፣ ቤተሰብ ይዞ መመላለስ የበጉን ዋጋ ይበላል። አቅሙ ያለው መንገዱ ሲቀልና ሰላም ሲሆን፣ ከበዓሉ በኋላ ይሂድ።

ለገና ዕለት ሜዳችን ይበቃን ነበር። አሁን ግን ድንጋይና አሸዋ ተቆልሎበታል፤ ልጆቹ ሩሯን የት ያባርሩ? ድሮ ጌታም ሎሌም እኩል የሚጋፉበት፣ ቅልጥሙን የተመታ የማይቆጣበት ጨዋታ እኮ ነው! ያራገፋችሁ አንሱልን። ሌሎቻችን ቅዳሜ ጠዋት አካፋና ዶማ ይዘን እንውጣ። ቆልማማውን ዱላ ለልጆቹ እኔ እቆርጣለሁ።