የንግድ እንግሊዝኛን ከችግሩ እንጀምር



ቢዝነስና ኢኮኖሚክስ የምትማሩ እህቶችና ወንድሞች ይህን ታውቁታላችሁ፤ የንግድ ደብዳቤ ክፍሎችን ሸምድደን ፈተናውን እናልፋለን፣ ሴሚስተሩ ሲያልቅ ግን አንዲት የእንግሊዝኛ ኢሜይል ለመመለስ እጃችን ይታሰራል። መምህራንን አልወቅስም። ትምህርቱ ከመልሱ ስለሚጀምር ነው።

በካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1969 የተጀመረው ዘዴ ይህን ይገለብጠዋል። ተማሪዎች በትንሽ ቡድን ሆነው መጀመሪያ ችግሩን ይቀበላሉ፤ የሚያውቁትንና የጎደላቸውን ይለያሉ፤ ፈልገው ይመለሳሉ።

ችግሩን ከሩቅ አናምጣ። ፎገራ ሩዝ አለ፣ ወረታ ላይ መፈልፈያ አለ። እንበልና አንድ ባለ ወፍጮ ከህንድ ያስመጣው መፈልፈያ ሞተር ጎድሎት ደረሰ። አቅራቢው «ቀሪው ክፍያ ካልገባ ሞተሩን አልልክም» ይላል። በውሉ ሁለተኛ ገጽ ደግሞ ለዘገየ ክፍያ በየወሩ የሚታሰብ «ፔናልቲ» ተጽፏል። አምስት ተማሪዎች ይህን ይዘው ይቀመጡ። የ«ዋራንቲ»ን ትርጉም የሚፈልጉት ገንዘብ ስላለበት ነው። ቁጡ ደብዳቤ ሞተሩን እንደሚያስቀር፣ የተለሳለሰው ደግሞ ብሩን እንደሚያስበላ ሲያዩ ቃል መምረጥ ይጀምራሉ።

ፔናልቲውን ሆን ብዬ ነው ያስገባሁት። ሪባ ሐራም መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ በእንግሊዝኛ ውል ውስጥ ሌላ ስም ለብሶ ሲመጣ መለየት ግን ሌላ ነገር ነው። የቁርኣን ረጅሟ አያ (አል-በቀራህ 282) ዕዳን ስለ መጻፍ ናት፤ የተጻፈውን ማንበብ ካልቻልን መጻፉ ምን ይጠቅመናል? በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ዘምዘም ባንክም ሆነ የሌሎቹ ባንኮች ከወለድ ነፃ መስኮቶች በሙራባሓ ዕቃ ገዝተው ትርፍ ጨምረው ሲሸጡ፣ የውጭ አቅራቢን ፕሮፎርማ አንብቦ የሚረዳ ሰው ያስፈልጋቸዋል።

«ቡድን ሲባል አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ስሙን ያስጽፋል» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው (1 ለ 5ን ማን ይረሳል!)። ደብዳቤውን የሚያቀርበው በዕጣ ይለይ፤ ዕጣው ማን ላይ እንደሚወድቅ ካልታወቀ ሁሉም ያነባል። ውይይቱ በአማርኛ ቢሆንም ግድ የለም፣ ደብዳቤው ግን በእንግሊዝኛ። በትልቁ ክፍል ድምፃቸው የማይሰማ እህቶችም በራሳቸው ቡድን በደንብ ይከራከራሉ።

ዲፓርትመንቱ እስኪለወጥ አንጠብቅ። ጀማዓችን ከሚሰጠው ቱቶሪያል በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ለዚህ ይመድብልን። የመጀመሪያው ችግር የወረታው ሞተር ይሁን። ሁለተኛውን የነጋዴ ልጆች ከቤት አምጡልን፤ ያልተመለሰ ኢሜይል ወይም አባታችሁ ሳይገባቸው የፈረሙት ውል፣ ስሙን አጥፍታችሁ።